አባት ይነድፋል፣ ልጅ ይቀባል፦ ባለሸራ ጀልባን በዘይት ቀለም ለሚማር ሰው የአማራጮች ንጽጽር

እ.ኤ.አ. በ1674 የእንግሊዙ ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ከሆላንድ ወደ አገሩ ለተሻገሩ ሁለት የባሕር ሠዓሊዎች ለእያንዳንዳቸው በዓመት 100 ፓውንድ ደመወዝ ቆረጠላቸው። ሁለቱም ቪለም ቫን ደ ቬልደ የሚባሉ አባትና ልጅ ነበሩ፤ ትእዛዙም የሥራ ድርሻቸውን ለይቶ አባትየው የባሕር ውጊያዎችን እንዲነድፍ፣ ልጅየው ደግሞ ንድፎቹን ወደ ቀለም እንዲለውጥ ይላል። ዛሬ የባለሸራ ጀልባን ሥዕል በእውነተኛ መልኩ ለመሥራት የሚነሣ ጀማሪ የአባትየውንም የልጅየውንም ሥራ ብቻውን ይሠራል። እኔ እንዳየሁት አብዛኛው ችግሩ የሚመነጨው ሁለቱን ሥራዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ እርጥብ ሸራ ላይ ልጨርስ ከማለት ነው፤ ጀልባ የመሥመር ሥራ ናት፣ ባሕር ግን መሥመር አይወድም። ከዚህ በታች የማነጻጽራቸው አማራጮች ሁሉ የሚመዘኑት በዚህ ልዩነት ነው።

አስቀድሞ አንድ የቃል ነገር መስተካከል አለበት። በአማርኛ የሚሣልበት ጨርቅም ሸራ ይባላል፣ በምሰሶው ላይ ነፋስ የሚሞላው ጨርቅም ሸራ ይባላል፤ ዝምድናውም የስም ብቻ አይደለም፤ ቬኒስ ውስጥ ሥዕል ከእንጨት ሰሌዳና ከግድግዳ ወደ ጨርቅ ሲሸጋገር ለመርከብ የሚሠራው ጨርቅ በከተማዋ እንደ ልብ ይገኝ ነበር። ግራ እንዳያጋባ የመጀመሪያውን የሥዕል ሸራ፣ ሁለተኛውን የጀልባ ሸራ እላለሁ። ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአንድ ቁጭታ ወይስ በንብርብር?

ጀማሪው መጀመሪያ ሊወስነው የሚገባው ዘዴውን ነው፤ የቀለሙና የብሩሹ ዓይነት ከዚህ በኋላ ይመጣል። አንደኛው ዘዴ ጣሊያኖች አላ ፕሪማ የሚሉት ነው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ እርጥብ በእርጥብ ላይ እየተጨመረ ሥዕሉ በአንድ ቁጭታ ያልቃል። ሁለተኛው የንብርብር ዘዴ ነው፤ በመጀመሪያ ብርሃንና ጥላው በአንድ ቡናማ ወይም ግራጫ ቀለም ብቻ ይለያል፤ ይህ ከደረቀ በኋላ ዋናው ቀለም ይደረብበታል፤ በመጨረሻም በዘይት የቀጠነና ከሥሩ ያለውን የሚያሳይ ስስ ቀለም ይለበጣል። በመካከሉ የማድረቂያ ቀናት አሉ፤ ምክንያቱም የዘይት ቀለም እንደ ውኃ ቀለም ተንኖ የሚደርቅ ሳይሆን ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ የሚጠነክር ነው። እንደ አምበር ያሉ ቡናማ የአፈር ቀለሞች በአንድ ወይም በሁለት ቀን ሲደርቁ፣ በቲታኒየም ነጭ የወፈረ ደመና ግን ሳምንት ሊያቆይ ይችላል።

ለውኃውና ለሰማዩ አላ ፕሪማ ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ምክንያቱን ለመረዳት ማዕበል እንዴት እንደሚታይ ማሰብ ይጠቅማል። ከሩቅ ያለውን ውኃ የምናየው በጣም በተጋደመ ማዕዘን ስለሆነ ሰማዩን እንደ መስታወት ይመልስልናል፤ ወደ እኛ የዞረው የቅርብ ማዕበል ፊት ግን ዓይናችንን ወደ ውስጡ ያስገባና የራሱን አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቀለም ያሳያል። ስለዚህ ባሕር ማለት በመሠረቱ የሁለት ቀለሞች ሽመና ነው፤ አንዱ ከሰማዩ የተወሰደ፣ ሌላው የውኃው የራሱ። ሁለቱም እርጥብ ሳሉ በሰፊ ብሩሽ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠርዛቸው በቀላሉ ሲነካካ ማዕበሉ ይንቀሳቀሳል። አንደኛው ደርቆ ሌላው ሲመጣበት ግን እያንዳንዱ ሞገድ ጠርዝ ያወጣና ባሕሩ የቆርቆሮ ጣሪያ ይመስላል።

ለጀልባዋ ደግሞ ፍርዱ ይገለበጣል። ምሰሶ ቀጥ ያለ መሥመር ነው፤ ገመዶቹ ከዚያ የቀጠኑ ናቸው፤ የጀልባዋ አካል ጎባጣ ቢሆንም ጠርዙ ጥርት ያለ ነው። በመጀመሪያ ሥራዎቼ በአንዱ ምሰሶውን ገና ባልደረቀ ሰማይ ላይ ለማስመር ሞክሬ ነበር፤ ብሩሹ ከሥር ነጩን እየዛቀ ሄደና ከግማሽ በላይ የጭቃ ቀለም ያለው ነገር ሆኖ ቀረ፤ ለማረም በነካሁት ቁጥር ሰማዩም አብሮ ተበላሸ። በደረቀ ሰማይ ላይ ግን ያው ምሰሶ የግማሽ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተሳሳተም በጨርቅ ይጠረጋል፣ ሰማዩም እንዳለ ይቆያል።

ስለዚህ ሁለቱን ከመምረጥ ይልቅ ማከፋፈሉን እመክራለሁ፤ የቫን ደ ቬልደ ቤተሰብ ሥራውን ለሁለት ሰው እንዳከፋፈለው ሁሉ ጀማሪው ለሁለት ቀን ያከፋፍለው። በመጀመሪያው ቀን ሰማይና ባሕር እርጥብ በእርጥብ ይሠራሉ፤ የጀልባዋ ቦታ በጨርቅ ተጠርጎ ስስ ሆኖ ይቀመጣል፤ ወፍራም ቀለም ከሥሯ ከቀረ ጉብታው ኋላ በሸራዋ ላይ ይታያልና። ከሳምንት ገደማ በኋላ ጀልባዋ ትመጣለች። በዚህ ጊዜ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፤ የጀልባዋ ሥር ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ቦታ እንደ ምሰሶው ጥርት ብሎ ከተሠራ፣ ጀልባዋ ከመጽሔት ተቆርጣ የተለጠፈች ትመስላለች። በዙሪያዋ ያለውን የደረቀ ውኃ በጣም በጥቂት ዘይት አርሶ፣ ነጸብራቋንና የምታስነሣውን አረፋ በዚያ እርጥበት ላይ መሥራት ጀልባዋን ወደ ውኃው ያስገባታል። ነጸብራቁም በጸጥተኛ ውኃ ላይ ቀጥታ ከነገሩ ሥር ይወርዳል፤ ነጩ ነገር በነጸብራቁ ጥቂት ይጠቁራል፣ ጥቁሩም ጥቂት ይነጣል።

የንብርብር ሕጉ አጭር ነው፤ ከሥር የቀጠነ፣ ከላይ ዘይት የበዛበት። የላይኛው ንብርብር ከሥረኛው ቀድሞ ከደረቀ፣ የሥረኛው ሲንቀሳቀስ የላይኛው ይሰነጠቃል። ጊዜው የጠበበበት ሰው በአክሪሊክ፣ ማለትም በውኃ በሚቀጥንና ቶሎ በሚደርቅ ቀለም፣ መሠረት ላይ ዘይት ሊደርብ ይችላል፤ በዘይት ላይ አክሪሊክ ግን ፈጽሞ አይደረብም። በአንድ ቀን ገደማ የሚደርቁት አልኪድ የሚባሉ ቀለሞችም ለዚህ የመካከለኛ መንገድ ይመቻሉ፤ ነገር ግን ሰማዩን ለማለሳለስ የሚሰጡት ጊዜ አጭር በመሆኑ ለባሕሩ አልመርጣቸውም፣ ለጀልባዋ እንጂ።

ከየት እያዩ መሣል?

እ.ኤ.አ. በ1888 ቪንሰንት ቫን ጎህ በደቡብ ፈረንሳይ ሳንት ማሪ በተባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር ጥቂት ቀናት ቆየ፤ ከዚያ ጉዞ ከቀሩት ሥዕሎች ሁለቱ የዚህን ክፍል ክርክር ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያሉ። አንደኛው ባዶ ባሕርና ርቀው የሚታዩ ጀልባዎች ያሉበት ሲሆን በቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣቶች ተገኝተዋል፤ በባሕሩ ዳር ቆሞ እንደሠራው ማስረጃው ይኸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በአሸዋው ላይ የተደረደሩ ባለቀለም ጀልባዎችን የሚያሳይ ነው፤ አጥማጆቹ በየማለዳው ወደ ባሕር ስለሚወጡ ጀልባዎቹን በፍጥነት በንድፍ አስቀርቶ፣ ሥዕሉን የሠራው ወደሚኖርበት ከተማ ወደ አርል ከተመለሰ በኋላ በሥራ ክፍሉ ነው። ውኃው በቦታው፣ ጀልባው በንድፍ፤ እንደገና ያው ክፍፍል።

ከተፈጥሮ መሣል ለቀለም የሚተካ የሌለው ትምህርት ነው፤ ይሁን እንጂ ባሕሩ ቅርብ ለሆነለት ሰው ብቻ የሚቻል ነው። ቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ያፋ ወደብ ድረስ ሄዶ፣ ዶሃ ወይም ዱባይ ያለ ሰው ዳው የሚባሉትን የእንጨት ጀልባዎች ቆሞ እያየ ሊነድፍ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ባሕር የለውም፤ ነገር ግን የውኃውን ግማሽ ትምህርት ከሐዋሳ ወይም ከጣና ሐይቅ ሊያገኝ ይችላል፤ ውኃ ሰማይን የሚመልስበት ሕግ በሐይቅም በባሕርም አንድ ነው። የሚጎድለው ትልቁ ሞገድ፣ የሚሰበረው አረፋና የጀልባ ሸራው ነው። ይህንን ከፎቶግራፍ ማሟላት ግድ ይሆናል።

ፎቶግራፍ ርካሽና ታጋሽ ነው፤ የሚዋሸው ግን ሥዕሉ በጣም በሚፈልገው ቦታ ላይ ነው። ካሜራ ለብሩህ ባሕር ሲስተካከል የጀልባዋን ጥላ ያጠቁራል፤ ለጀልባዋ ሲስተካከል የጀልባ ሸራውን ባዶ ነጭ ያደርገዋል። ካሜራው በቅጽበት ያነሣው ማዕበል ደግሞ በአየር ላይ የቆመ የመስታወት ስባሪ ይመስላል፤ ዓይናችን እንደዚያ አድርጎ አያየውም። ፎቶ ላይ ተመሥርቶ የሚሥል ሰው ነጭ የጀልባ ሸራ ነጭ አለመሆኑን ከራሱ ማወቅ አለበት፤ ፀሐይ ያላገኘው የሸራው ጎን ብዙ ጊዜ ከኋላው ካለው ብሩህ ሰማይ የጠቆረ ሰማያዊ ግራጫ ነው፤ ፀሐይ ከጀርባው ስትሆንም ጨርቁ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ሞቅ ያለ ብጫማ ቀለም ያወጣል። ከቱቦው የወጣው ንጹሕ ነጭ ለጥቂት የአረፋ ጫፎችና ፀሐይ ለመታችው የሸራ ጠርዝ ብቻ ይቀመጥ።

የፎቶ ትልቁ አደጋ ግን ባሕሩን ከአንድ ፎቶ፣ ጀልባዋን ከሌላ ወስዶ መገጣጠም ነው። ለዚህ የሚያድን አንድ መለኪያ አለ፤ አድማስ ሁልጊዜ ከተመልካቹ ዓይን ጋር እኩል ከፍታ ላይ ነው። ተመልካቹ ከውኃው ወለል 2 ሜትር ከፍ ብሎ ከቆመ፣ የአድማሱ መሥመር በሥዕሉ ያሉትን ጀልባዎች ሁሉ፣ የቅርቧንም የሩቋንም፣ ከውኃው 2 ሜትር ከፍታቸው ላይ ያቋርጣቸዋል። አንዷን በምሰሶዋ ወገብ፣ መጠኗ እኩል የሆነች ሌላዋን በሥሯ ካቋረጣት፣ አንደኛዋ ከሌላ ፎቶ መምጣቷን መርከበኛ ያልሆነ ተመልካች እንኳ ምክንያቱን ሳያውቅ ይሰማዋል። ነፋሱም እንዲሁ ነው፤ ባንዲራው፣ የሞገዱ አቅጣጫና የሸራው ሆድ ስለ አንድ ነፋስ መናገር አለባቸው፤ ጀልባዋም የምታዘነብለው ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ነው። ባለሸራ ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ መሄድ ስለማትችል፣ ሸራዋ ተሞልቶ ወደ ነፋሱ የምትሮጥ ጀልባ ከሣልን መርከብ የሚያውቅ ሰው ይስቅብናል።

ሦስተኛው አማራጭ የጥንት ሠዓሊን ሥራ መገልበጥ ነው፤ ለጀማሪ ከሁሉም በላይ የምደግፈውም ይህንኑ ነው። አንዳንዶች ይህን እንደ ስርቆት ያዩታል፤ ግልባጭ መሆኑ እስከ ተነገረ ድረስ ግን ለዘመናት ሠዓሊ የሚሠለጥንበት መንገድ ነው። አምስተርዳም የሚገኘው ራይክስ ሙዚየም የስብስቡን ምስሎች በከፍተኛ ጥራት በነፃ ስለሚሰጥ፣ የልጅየው ቫን ደ ቬልደ በ1680 ገደማ የሠራውን በድንገተኛ ነፋስ የተያዘች መርከብ ሥዕል ማንም ሰው አቅርቦ ሊመረምረው ይችላል። ከዚያ በፊት ደግሞ የአባትየውን ሥራ መገልበጥ ይበልጥ ይጠቅማል፤ እርሱ በነጭ በተቀባ ሰሌዳ ወይም ሸራ ላይ በብዕርና በጥቁር ቀለም ብቻ መርከቦችን ስለሚሠራ፣ ተማሪው ስለ ቀለም ሳይጨነቅ የመርከብን አካልና የብርሃንን ደረጃ ይማራል።

ከትዝታ መሣልን ያነሣሁት ስሙ ስለሚጠራ እንጂ ለጀማሪ ስለማስበው አይደለም። በክራይሚያ ፌዮዶሲያ የተወለደው ኢቫን አይቫዞቭስኪ (1817–1900) ባሕርን በሥራ ክፍሉ ከትዝታ ይሠራ ነበር፤ የ1850ው ታላቅ የማዕበል ሥዕሉ ከ2 ሜትር በላይ ቁመትና ከ3 ሜትር በላይ ስፋት አለው። ይሁን እንጂ ያ ትዝታ በባሕር ዳር ያደገና ዕድሜውን ባሕር ሲመለከት የኖረ ሰው ትዝታ ነው።

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ልበል። በዚያ ከተማ መግቢያው ነፃ በሆነው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ውስጥ ዊንስሎው ሆመር ከ1873 እስከ 1876 የሠራው፣ አንድ ሰውና ሦስት ልጆች በምታዘነብል ትንሽ ጀልባ ውስጥ ያሉበት ሥዕል ይገኛል። በኢንፍራሬድ ምርመራ እንደታየው ሆመር በምሰሶው አጠገብ የነበረ አራተኛ ልጅና በሩቅ የነበረች ሌላ መርከብ ሠርቶ ኋላ ሸፍኗቸዋል። ዘይት ቀለም ከውኃ ቀለም ይልቅ ለጀማሪ የሚራራውም በዚህ ነው፤ የደረቀ ስሕተት ተሸፍኖ ሥራው ይቀጥላል። ከስልክ ላይ የማይታየውን የቀለም ውፍረት፣ በተለይም ሰማዩ ስስ አረፋው ወፍራም መሆኑን፣ ከፊቱ ቆሞ ማየት የአንድ ቀን ጉዞ ያስከፍላል ቢባል እንኳ አያስቆጭም።

ቀለሙና የሥዕል ሸራው

እዚህ ላይ ሰዎች ብዙ ገንዘብና ብዙ ጭንቀት ያፈስሳሉ፤ ፍርዱ ግን ቀላል ነው። 24 ቱቦ ያለው ርካሽ ሣጥን እና 5 ጥሩ ቱቦ በዋጋ ቢቀራረቡ 5ቱን ይግዙ። የተማሪ ደረጃ ቀለም ማቅለሚያው ትንሽ፣ መሙያው ብዙ ስለሆነ ሲደባለቅ ቶሎ ይደበዝዛል። ቲታኒየም ነጭ፣ አልትራማሪን ሰማያዊ፣ የተቃጠለ ሲየና፣ ብጫ ኦከርና ቪሪዲያን አረንጓዴ ለአንድ ዓመት ባሕር ይበቃሉ፤ ነጩን ብቻ በትልቁ ቱቦ መግዛት ይሻላል። አልትራማሪን ከተቃጠለ ሲየና ጋር ሲደባለቅ ከጥቁር የሚቀራረብ ጥልቅ ቀለም ይሰጣል፤ ነጭ ሲጨመርበትም የደመናውን፣ የሸራውን ጥላና የሩቁን ውኃ ግራጫዎች ሁሉ ያወጣል፤ ስለዚህ ጥቁር ቱቦ አያስፈልግም። ፕሩሺያንና ፍታሎ ሰማያዊ ውብ ቢሆኑም ኃይለኞች ናቸው፤ የምስር ቅንጣት የምታህል ፍታሎ መላውን ባሕር የመዋኛ ገንዳ ታደርገዋለች።

የተወጠረ የሥዕል ሸራ ወይስ ሰሌዳ ለሚለው፣ ለጀልባ ሰሌዳ ይበልጣል። ሁለትና ሦስት ጊዜ ጌሶ የሚባለው ነጭ የመሠረት ልባስ የተቀባና በብርጭቆ ወረቀት የለሰለሰ ኮምፔንሳቶ ወይም ኤምዲኤፍ የሚባለው የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ የገመዱን ቀጭን መሥመር ሳያቆራርጥ ይቀበላል፤ ሻካራ ሸራ ግን መሥመሩን በየጉብታው ይበጣጥሰዋል። መጠኑ ከ30 በ40 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ አንድ ትልቅ ሥዕል ሦስት ወር ከሚፈጅ ሦስት ትናንሽ ሥዕሎች በዚያው ጊዜ ቢያልቁ ተማሪው ሦስት ጊዜ ይጀምራል፣ ሦስት ጊዜም ይጨርሳል።

በዘይት በኩል ዋናው የተልባ ዘይት ነው፤ ይሁን እንጂ ለሠዓሊ ተጣርቶ የተዘጋጀውን እንጂ ለምግብ የተጨመቀውን አይጠቀሙ። ለሰማይ ነጭ የዋልነት ወይም የሱፍ ዘይት ብጫነቱ ያነሰ ነው፣ ለመድረቅ ግን ይዘገያል። ማቅጠኛው ተርፔንታይን ከሆነ መስኮት መከፈት አለበት፤ ሽታ አልባ የሚባለውም ሽታው ቢቀንስ እንጂ ትነቱ አልጠፋም። ከዚህ ሁሉ በላይ በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ በቅርጫት መጣል የለበትም፤ ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ ማንም ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቁን ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ በተሞላ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል።

አስተማሪ ወይስ ቪዲዮ?

ቪዲዮ የእጅን እንቅስቃሴ ያሳያል፣ የተማሪውን ስሕተት ግን አያይም። ባሕሩን፣ ማለትም የብሩሽን ሽመናና የጠርዝን ልስላሴ፣ ከቪዲዮ መማር ይቻላል፤ ንድፉን ግን ቢያንስ ለጥቂት ሳምንታት አጠገቡ ቆሞ ‹‹ይህ ምሰሶ ዘንብሏል›› የሚለው ሰው ያለው ተማሪ ቶሎ ይራመዳል። ገንዘብ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ከሆነ ለንድፍ ትምህርት ይዋል። አስተማሪ ካልተገኘ ሥዕሉን በመስታወት ገልብጦ ማየት የዘነበለውን ምሰሶና የተዛባውን አካል ወዲያውኑ ያጋልጣል።

ገመዶቹ ከሁሉም በኋላ ይመጣሉ። ጀልባዋ ከደረቀች በኋላ፣ በረጅም ጠጉር ቀጭን ብሩሽ፣ እንደ ብዕር ቀለም እስኪፈስ በቀጠነ ቀለም፣ እጅ ሳይሆን ክንድ እየተንቀሳቀሰ ይሰመሩ፤ በሙሉ ርዝመታቸው መታየት የለባቸውም፣ ብርሃን በበዛበት ሰማይ ፊት ጥቂት እየጠፉ ቢሄዱ ይሻላል። የመጨረሻው ቫርኒሽ ደግሞ ቀለሙ ስስ ከሆነ ስድስት ወር፣ አረፋው ከወፈረ አንድ ዓመት ይጠብቅ፤ እስከዚያው ሥዕሉ አቧራ በሌለበት፣ ብርሃን ባለበት ግድግዳ ላይ ይሰቀል፤ ጨለማ ውስጥ የተቀመጠ የተልባ ዘይት ይበልጥ ብጫ ይሆናል።